ከገንዳው ወዲያ

ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የገባ ጎብኚ የሚቸኩለው ወዴት ነው? ወደ ጃንሆይ መታጠቢያ ቤት! አልጋቸውን ያያል፣ ገንዳቸውን ያያል፣ «ወይ ጉድ!» ብሎ ይወጣል። በስሙ ውስጥ ያለው «ገነት» የአትክልት ቦታ ነውና እስቲ ወደ ደጅ እንውጣ። ጠምዛዛውን ደረጃ ጣልያኖች ናቸው የሠሩት፤ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱን ዓመት በአንድ እርከን እየቆጠሩ። ወዴትም አያደርስም። ከድል በኋላ አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ምጸትን ለተማሪ ለማስረዳት ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ፤ ይኼ አንበሳ ይበልጠኛል።

ውስጥ ደግሞ አረንጓዴው ሳሎን አለ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የታገቱት ባለሥልጣናት የተረሸኑት እዚያ ነው። በዓመቱ ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እኔ አስጎብኚ ብሆን እዚያ ቆም እል ነበር፤ ገንዳው እንደሆነ የትም አይሄድ።