ሙዝ በውርጭ አገር

ፍሬውን ለመብላት አንዳች ተስፋ ሳያደርጉ፣ ስለ ሐመልማሉ ግርማ ብቻ ሙዝን ከደጅ ተክለው የሚያሳድጉት የእንግሊዝ አገር አትክልተኞች ትጋት እጅግ ያስደንቀኛል። ባስጁ የተባለው ዝርያ፣ ምንም እንኳ የጃፓን ሙዝ ተብሎ ቢጠራ፣ ትውልዱ ከደቡብ ቻይና ነው፤ ሥሩ አፈርና ገለባ ከለበሰ ጽኑ ብርድ ይታገሣል፤ ግንዱ ግን፣ ግንድ ማለት ከተገባ፣ የቅጠሎች እግር እርስ በርሱ ተጠቅልሎ የቆመ፣ ውኃም የሞላበት ስለ ሆነ፣ ውርጭ ሲያገኘው በስብሶ ይወድቃል። ስለዚህ አትክልተኛው ጥቅምት ሲያልቅ ቅጠሉን ቆርጦ፣ በግንዱ ዙሪያ የሽቦ አጥር አቁሞ፣ በመካከሉ ደረቅ ጭድ ጠቅጥቆ፣ ዝናብ እንዳይዘልቀውም ከላይ ከድኖ እስከ ሚያዝያ ያቆየዋል፤ ሽፋኑ በተገለጠ ጊዜ ከግንዱ እምብርት እንደ ብራና የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ብቅ ይላል፤ የበጋው ሙቀት ሲበረታም ከሰው ቁመት በላይ ይዘረጋል።

እንግሊዛዊው አትክልተኛ ክሪስቶፈር ሎይድ እ.ኤ.አ. በ1993 ግሬት ዲክስተር በተባለው መኖሪያው የነበረውን አሮጌ የጽጌረዳ ሥፍራ አስነቅሎ ሙዝንና ሌሎች የሞቃት አገር ዕፀዋትን መትከሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ የተመሰገነ ድፍረት ነው።

ከአገራችን ደጋ የሄደው እንሰትም፣ ይልቁንም ቅጠሉ ወደ ቀይ የሚያደላው፣ በዚያ አገር አትክልት ሥፍራዎች የክብር ቦታ አለው። ውርጭን ግን ከቶ ስለማይችል፣ ቅዝቃዜው ሳይበረታ ከነሥሩ ተቆፍሮ ይወጣና ውኃ ሳይበዛበት በመስተዋት ቤት ይከርማል፤ ለእንዲህ ያለው ተክል ይህ ሁሉ ድካም አይበዛበትም።