የ«ጤዛ» ልጆች ለምን በ1982 ተደበቁ?

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ብዙ ሰው የስደትና የምሁር ክሽፈት ፊልም ይለዋል። ልክ ነው። እኔ ግን ቀዝቃዛው ጦርነት እኛ ጋ ምን እንዳደረገ የሚያሳይ ፊልም አድርጌ ነው የማየው፤ ቅሬታዬም ከዚያ ይነሳል።

አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ በደርግ ጊዜ አገሩ ገብቶ፣ እንደገና ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ፣ በዘረኞች ተደብድቦ አንድ እግሩን ያጣል። በ1982 ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ሲመለስ አፈሳ ነው። ወታደሮች ታዳጊዎችን ያሳድዳሉ፤ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ያድራሉ። ለእነዚህ ትዕይንቶች እንከን አይወጣላቸውም። መካነ ሰላም ላይ አብሮኝ ያየው አጎቴ «ቦረና ነው እንዴ የቀረፁት?» አለኝ። በእሱ ጉርምስና ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው ሁሉ ከብት ፍለጋ አልነበረም።

ግን ለምን በ1982? ፕሮግራም ሲበላሽ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው፣ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ። ብሔራዊ ውትድርና የታወጀው በ1975 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1969 አሜሪካ ከቃኘው ስትወጣ ሶቪየት ገብታለች፤ ለሶማሊያው ጦርነት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት መሣሪያ አራግፋለች። የደርግ ጦር የቆመው በዚያ ነው። መጋቢት 1980 አፍአበት ወደቀ። ጎርባቾቭ እጁን መሰብሰብ ጀመረ፣ ኩባዎች ጠቅልለው ወጡ። ጥቅምት 1982 የመንግሥቱ ወዳጅ ሆኔከር ከሥልጣን ወረደ፤ በየካቲት ምፅዋ ተያዘች። ውጪ የነበረው ድጋፍ ሲሳሳ የቀረው የገበሬ ልጅ ነበር።

ፊልሙ ይህን አያሳየንም። «ገበሬው መቼ ያውቅ ነበር?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የአንበርብር እናት ስለ ሞስኮ እንዲያወሩ አልፈልግም። አንበርብር ግን የመጣው ከዚያው ከሆኔከር አገር ነው! የሚያባንነው የራሱ ቁስልና የጓዶቹ ዕጣ ነው። በፊልሙ ጀርመን የፍቅር፣ የስብሰባና የድብደባ ቦታ ነች፤ ለደርግ መሣሪያ የምትልክ አገር ሆና አትታይም። ስለዚህ ያን ዘመን ያላየ የእኔ ዕድሜ ተመልካች ደርግን ብቻውን ከሰማይ እንደወረደ ጭራቅ አድርጎ ይወጣል።

ኃይሌ ደግሞ ይህን ማሳየት ያቅተዋል ማለት አይቻልም። ከመንደሩ በላይ ኮረብታው ላይ ከጣሊያን ወረራ የቀረ ሐውልት አቁሞልናል፤ ማንም ሳያብራራ ይገባናል። ለ1982ም እንደዚያ ያለ አንድ ምስል ይበቃ ነበር፤ ልጆቹን የሚያሳድደው ወታደር ያነገተውን ክላሽ ትንሽ ቀረብ አድርጎ ማሳየት እንኳ።