የዓድዋ ቅጠሎች በኤስሊንገን

ቅቤ የሚያነጥር ሰው ኮሰረትን በሽታው ያውቀዋል። ዕፅዋትን በየቤተሰባቸው መመደብ ሙያው የሆነ ሰው ግን አፍንጫውን አለማመንን ቀድሞ ይማራል። ኮሰረት ሲታሽ ጦስኝንና በሶብላን ያስታውሳል፤ ቅጠሎቹም እንደነሱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። በዚህ ተታሎ ከነሱ ጋር የሚደምረው ብዙ ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ፍሬው ሲበስል ነው፦ የጦስኝና የበሶብላ ፍሬ ለአራት ይከፈላል፣ የኮሰረት ለሁለት። የቅርብ ዘመዱ በየአጥሩ የሚታየው የወፍ ቆሎ ሆኖ ይገኛል። ከወፍ ቆሎም ቢሆን ይለያል፤ የወፍ ቆሎ ፍሬ ወፍ የሚለቅመው ለስላሳ ሥጋ አለው፣ የኮሰረት ግን ደረቅ ነው። ይህ ሁሉ ክርክር የሚካሄደው ያለ ማጉያ መነጽር በማይለይ ቅንጣት ላይ ነው።

ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው ደግሞ በደረቀ ተክል ነው። ከዓመታት በፊት ተጭኖ የደረቀ አበባ በፈላ ውኃ ይነከርና ሲለሰልስ በመርፌ ጫፍ ይከፈታል። ወንዴ ዘንጎቹ ይቆጠራሉ፤ የቱ ከየቱ ፊት እንደቆመ፣ የቱ እንደረዘመ ይታያል። የታየውን ከላይ እንደተመለከቱት በክብ ላይ ክብ አድርጎ መንደፍ ዛሬ የትም ያለ ተማሪ የሚለማመደው ነው። ልማዱን በሰፊው ያጸናው ጀርመናዊው አውጉስት አይሽለር ሲሆን ከ1875 እስከ 1878 በሁለት ቅጽ ያሳተመው ሥራ የየቤተሰቡን አበባ በንድፍ ያሳያል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ንድፉ ለዓይን አያምርም። አንድ የብራዚል አበባና አንድ የሐረር አበባ ጎን ለጎን ሲነደፉ ግን ቀለማቸውና መጠናቸው የሸሸገው ዝምድና ወለል ይላል።

የኮሰረት ሳይንሳዊ ስም ሊፒያ አዶኤንሲስ ነው፤ የዓድዋው ሊፒያ እንደማለት። ስሙ በሙሉ ሲጻፍ «ሆክሽት. ኤክስ ቫልፕ.» የሚል ጭራ ይከተለዋል። ጀማሪ ይህን ጭራ ይዘልለዋል፣ የለመደ ሰው ግን ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ስሙን ያወጣው ሆክሽቴተር፣ ከመግለጫ ጋር አሳትሞ ያጸደቀው ቫልፐርስ ነው ማለት ነው። ሁለቱም ጀርመናውያን ናቸው። ዓድዋ ላይ ቅርንጫፉን ቆርጦ ያደረቀው ሰው በጭራው ውስጥ ቦታ የለውም።

ሰውየው ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። በ1804 ጀርመን ተወለደ፤ በ1837 ትግራይ ገባ፤ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ኑሮው ኢትዮጵያ ነበር። የላከው «ኡኒዮ ኢቲኔራሪያ» የሚባል የጉዞ ማኅበር ሲሆን ማኅበሩን ያቋቋሙት የኤስሊንገን ከተማ ነዋሪዎች የሆኑት ሆክሽቴተርና ሽቶይደል ናቸው፤ አንዱ የፕሮቴስታንት ቄስና መምህር፣ ሌላው ሐኪም። አሠራሩ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ ከዕቁብ ብዙ አይርቅም። አባላቱ ድርሻቸውን አስቀድመው ይከፍላሉ፣ በገንዘቡ ሰብሳቢው ይጓዛል፣ የደረቀው ተክል ሲደርስ እያንዳንዱ እንደ ድርሻው ይወስዳል። እንዲህ ያለ ውል ሰብሳቢውን ወደ አንድ ነገር ይገፋዋል፦ ከአንድ ቁጥቋጦ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ መሄድ አይችልም። ከፋይ በበዛ ቁጥር ያንኑ ተክል ደጋግሞ መቁረጥ፣ መጫን፣ ማድረቅና አንድ ቁጥር መስጠት አለበት። የሺምፐር ናሙናዎች ዛሬ በፓሪስ፣ በለንደኑ ኪው፣ በጄኔቭ፣ በቱቢንገንና በሌሎችም ከተሞች በቅጂ ቅጂ የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ሳይንስን ያሰበ ሳይሆን ደንበኛን ያሰበ አሠራር ነበር ማለት ይቻላል፤ ውጤቱ ግን የትኛውም የሳይንስ ዕቅድ ሊመኘው የሚገባ ሆነ።

ማኅበሩ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ሺምፐር ግን ቀረ፤ አገር ውስጥ አግብቶ ወለደ። ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አካባቢ እንዲያስተዳድር ሰጡት፣ ውቤ በ1855 በቴዎድሮስ ሲሸነፉ ያንን አጣ፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ እዚያ ከነበሩት አውሮፓውያን መካከል እሱም ነበረበት። በዚህ ሁሉ መካከል መሰብሰቡን አልተወም።

ናሙናዎቹ ላይ የተለጠፈችው የታተመች ወረቀት ትንሽ ናት። በላቲን «የሺምፐር የሐበሻ ጉዞ፣ ክፍል አንድ፣ የዓድዋ ዕፅዋት» ትላለች፤ ዓመቱ 1840። ከሥሯ ተክሉ የተገኘበት ስፍራ ይከተላል፣ ብዙ ጊዜም የሶሎዳ ተራራ ነው። በዛሬ መለኪያ የተሟላ መረጃ አይደለም። ከፍታውና አቅጣጫው በሳተላይት አልተለካም፤ የአበባው ቀለምም ሁልጊዜ አይገኝም። የቀለሙ አለመኖር በተለይ ያበሳጫል፤ ሐምራዊና ሰማያዊ ሲደርቁ ቡናማ እየሆኑ ያስቸግራሉ፣ ሽታም ቢሆን አብሮ አይቆይም፣ ስለዚህ በቦታው ካልተጻፉ ጠፉ ማለት ነው። ሆኖም «ሶሎዳ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ይሠራል። ከዓድዋ ወጥቶ ያንኑ ተራራ መውጣትና ያንኑ ተክል መፈለግ ይቻላል።

በሞቃትና እርጥብ አገር ደግሞ ማድረቁ ራሱ ትግል ነው። ተክሉ በጋዜጣና በካርቶን መካከል ተደርጎ በመጫኛ ይታሰራል፣ ወረቀቱ በየቀኑ ይቀየራል፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ሻጋታው ይቀድማል። የምሥራቅ አፍሪካን ዕፅዋት በሰፊው ያጠናው ጌኦርግ ሽቫይንፉርት መላ አበጀለት፦ ናሙናውን በወረቀት ጠቅልሎ በአልኮል ማርጠብና አየር እንዳይገባው አሽጎ መላክ፣ ማድረቁን በኋላ ለሚገኝ ደረቅ ቦታ መተው። ዘዴው እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠራል፤ በዝናባማ ጫካ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አሁንም ይጠቀሙበታል። የአልኮል ጠባዩ ቀለምን መብላቱ ነው። ቆርች የሚባለውን ባለ ቀይ አበባ ዛፍ በስኮትላንዳዊው ተጓዥ በብሩስ ስም የሰየመው ይኸው ሽቫይንፉርት ነው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ግን በ1870 መጨረሻ ሱዳን ውስጥ የሰፈረበት ሰፈር በእሳት ሲጋይ ስብስቡን አላዳነለትም።

እሳት በዚህ ሙያ ታሪክ ደጋግሞ ይመጣል። ከሁሉም የከፋው በርሊን ላይ ነበር።

አዶልፍ ኤንግለር ከ1889 እስከ 1921 የበርሊንን የዕፅዋት መናፈሻና ሙዚየም መራ። ከካርል ፕራንትል ጋር የጀመረውና ከ1887 እስከ 1915 የወጣው ሥራ በዓለም የታወቁትን የዕፅዋት ቤተሰቦች በሙሉ በአንድ ሥርዓት ለማስቀመጥ የተደረገ ሙከራ ነው፤ በብዙ አገር ሄርባሪየሞች (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻዎች) መደርደሪያቸውን ያደራጁት በሱ ቅደም ተከተል ነበር። ኤንግለር ጠረጴዛውን ብቻ ይዞ አልቀረም፤ በ1902 በዛሬዋ ታንዛኒያ ያሉትን የኡሳምባራ ተራሮች በአካል አይቷል። ስብስቡን ያወፈረው ግን የቅኝ ግዛት ዘመን ነው። በታንዛኒያ፣ በካሜሩንና በኒው ጊኒ የነበሩ የጀርመን ሹማምንትና ተጓዦች ያገኙትን ወደ በርሊን ይልኩ ነበር። ዛሬ በየመስኮቱ በማሰሮ የምትታየው ወይን ጠጅ አበባ፣ ሴንትፓውሊያ፣ ስሟን ያገኘችው ከኡሳምባራው የጀርመን አስተዳዳሪ ከፎን ሴንት ፖል ነው፤ እሱ ለአባቱ ላከ፣ አባቱ ለሄርማን ቬንድላንድ ሰጠው፣ ቬንድላንድ በ1893 ሰየማት። ተራራው ላይ የኖረው ሕዝብ አበባዋን ምን ብሎ እንደሚጠራት ስሙ ውስጥ ምልክት የለም።

በማርች 1943 የመጀመሪያ ሌሊት የአየር ድብደባው ሙዚየሙን አቃጠለው። አራት ሚሊዮን ገደማ ከነበረው ናሙና አብዛኛው ዐመድ ሆነ። ተለይቶ በመቀመጡ የተረፈው የዕፅዋት ተመራማሪው የቪልደኖቭ ስብስብ ነው፤ ከ20,000 በላይ ዝርያዎችን የያዘ ሲሆን ተጓዦቹ ሁምቦልትና ቦንፕላን ከደቡብ አሜሪካ ያመጧቸው ተክሎችም በውስጡ አሉ።

የዕፅዋት ስም የሚታሰረው በመጽሐፍ ላይ ባለ መግለጫ ብቻ አይደለም። ስሙ ሲሰጥ በእጅ የነበረ አንድ የተወሰነ ናሙና አለ፤ ባለሙያዎች «ታይፕ» ይሉታል። ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሲከራከሩ ዳኛው እሱ ነው። ሩዶልፍ ሽሌክተር በኒው ጊኒ ከ1,000 በላይ አዳዲስ የኦርኪድ ዝርያዎችን የገለጸ፣ ድካም የማያውቅ ሰው ነበር፤ ስብስቡ በርሊን ነበረና ዳኞቹ አብረው ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲህ የኒው ጊኒን ኦርኪድ የሚያጠና ሰው ከሥራው ትልቁን ክፍል የሚያውለው ሌላ ከተማ የደረሰ ቅጂ በመፈለግ ነው። ቅጂ ሲገኝ በታይፑ ቦታ ይሾማል። ካልተገኘ የሽሌክተር ንድፎች ይመረመራሉ። የሺምፐርን ተክሎች የሚያጠና ሰው ግን ይህን ያህል አይጨነቅም። የበርሊኑ ቅጂ ቢቃጠል የፓሪሱ አለ፣ የጄኔቩ አለ።

እዚህ ላይ የኤስሊንገኑ ቄስና ሐኪም ከበርሊኑ ታላቅ ሰው ይልቅ ሊመሰገኑ ይገባል። ኤንግለር ሁሉን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበ፤ እነሱ ሁሉን በተኑ። በቅጂ መትረፍም አዲስ ነገር አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በአምቦን ደሴት የኖረው ጀርመናዊው ሩምፊየስ በ1670 ዓይኑ ጠፋ፣ በ1674 የመሬት መንቀጥቀጥ ሚስቱንና ልጁን ገደለበት፣ በ1687 እሳት ሥዕሎቹን በላበት። በመጨረሻ ስለ ደሴቲቱ ዕፅዋት የጻፈውን ወደ አውሮፓ ሲልክ መርከቡን ፈረንሳዮች በ1692 አሰጠሙት። መጽሐፉ ከ1741 ጀምሮ ሊታተም የቻለው ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ላይ የነበረው ገዢ ጽሑፉ ከመጫኑ በፊት ግልባጭ አስቀርቶ ስለነበር ነው። ከበርሊኑ እሳት በፊትም አሜሪካዊው ማክብራይድ ከ1929 ጀምሮ ለቺካጎ ሙዚየም የበርሊንን ታይፖች ፎቶግራፍ ሲያነሳ ነበር፤ አንዳንዶቹ ዛሬ የቀሩት በሱ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶ ከባዶ ይሻላል፤ ግን በፈላ ውኃ ነክረው አበባውን አይከፍቱትም።

የኤንግለር ሥርዓት ራሱስ? ቀለማም ቅጠል የሌላቸውን ትንንሽ አበቦች የጥንት አድርጎ መጀመሩ ስህተት እንደነበር በኋላ ታወቀ፤ ከ1998 ወዲህ ደግሞ በዘረ መል ላይ የቆመው አዲስ ምደባ ብዙ ቤተሰቦችን አፈራረሰ። ለምሳሌ ምስርች የሚባለው ቁጥቋጦ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠው ከኮሰረት ቤተሰብ ጋር ነበር። አሁን ወደ ጦስኝና በሶብላ ቤተሰብ ተዛውሮ «ሮቴካ ሚሪኮይዴስ» ተብሏል። በአዲሱ ስሙ ጭራ ላይ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ ሆክሽቴተር አሁንም አለ። ናሙናው ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ሄደ እንጂ ወረቀቱም መለያውም ያው ናቸው።

ቅንፍ ሲነበብ የሰው ሰንሰለት ያሳያል። ከአደይ አበባዎች አንዷ የሆነችው ቢደንስ ማክሮፕቴራ በጭራዋ ሦስት ሰው ይዛለች፦ በሙያው ሐኪም የነበረው ጀርመናዊው ሹልትስ፣ ጣሊያናዊው ኪዮቬንዳና ከቅንፉ ውጭ መስፍን። መስፍን ታደሰ የአፍሪካን ቢደንሶች እንደገና የመረመሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ኮሰረትም እንደዚሁ፤ ጓሮ የሚተከለውን ዓይነት ከዱሩ ለይተው «ኮሰረት» የሚለውን ስም በሳይንሳዊው ስም ውስጥ ያስገቡት ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። የሁለቱም ስም በጭራው ላይ የሚጻፈው በራሳቸው እንጂ በአባታቸው ስም አይደለም፤ የፈረንጅ መጽሔት «ታደሰ፣ መ.» እያለ ለሚገለብጠን ሕዝብ ይህች ትንሽ ነገር ደስ ታሰኛለች። ሁለቱም የሠሩበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ፤ አዘጋጆቹ ተመልሰው ተመልሰው የሺምፐርን ወረቀቶች ማገላበጥ ነበረባቸው።

ስለዚህ ከዛሬ ሰብሳቢ የሚጠበቀው ብዙ ቅጂ ነው፤ ችግሩ ግን ተክሉ ሁልጊዜ አይፈቅድም። የስሜን ጅባራ ከብዙ ዓመት ዕድገት በኋላ አንዴ አብቦ ይሞታል። ፍራንክፈርት ላይ የዕፅዋት ተመራማሪው ፍሬዜኒየስ የገለጸው ተጓዡ ሩፔል ከስሜን ይዞለት በመጣው ናሙና ነው፤ ያን ጊዜ ስንት ጅባራ እንደተቆረጠ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አሁን ያበበ ጅባራ ፊት የቆመ ሰው ግንዱን አይነካም። ቁመቱን ይለካል፣ ሙሉውን ፎቶ ያነሳል፣ ከአበባው ዘንግ ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ጥቂት አበቦች ይለቅማል፣ አንድ ቅጠል ቆርጦ በቁመቱ ይሰነጥቃል፣ ለዘረ መል ምርመራ የምትሆን ቁራጭ እርጥበት በሚመጥ ኬሚካል ውስጥ ይከታል። የቀረው ዘር ያፈራል። ከዚህች መጠን ሦስት ወይም አራት ወረቀት ይወጣ ይሆናል። አንዱ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሄርባሪየም ይቀራል፤ ሌሎቹ ወደየት ይላኩ የሚለው ክርክር መጫኛው ገና ሳይታሰር እዚያው ተራራው ላይ ይጀመራል።