ስለ ወደቁት ሰዎች፤ የቆጵርያኖስን ድርሰት ስናነብ

ከእግዚአብሔር የራቀ ሰው ምን ያገኘዋል? ይህን ጥያቄ በጉባኤ ክርክር ሳይሆን በገዛ መንጋው ፊት ቆሞ እንዲመልስ የተገደደ አንድ ጸሐፊ አለ። እርሱም በሰሜን አፍሪካ የቅርጣግና ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዳክዮስ ሕዝቡ ለአማልክት እንዲሠዋ ባስገደደ ጊዜ፥ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ250 ዓ.ም.፥ ብዙ ክርስቲያኖች ሠዉ፤ ሌሎችም ሳይሠዉ እንደ ሠዉ የሚመሰክር ወረቀት በገንዘብ ገዙ። ስደቱ ሲበርድ በ251 ቆጵርያኖስ «ስለ ወደቁት» የተባለውን ድርሰት ጻፈ።

የድርሰቱ የመጀመሪያ ክፍል ብርቱ ነው። ረጅሙ ሰላም ምእመናኑን ለሀብት እንዳስገዛቸው፥ ጳጳሳት እንኳ መንበራቸውን ትተው ንግድ ለንግድ ይዞሩ እንደ ነበር ሳያፍር ይናገራል። ሹማምንቱ መሽቷልና ነገ ተመለሱ ሲሏቸው፥ ዛሬውኑ እንሠዋ ብለው የለመኑ ነበሩ። እንግዲህ ክሕደቱ የጀመረው በዐዋጁ ቀን አልነበረም።

ዳሩ ግን ወደ ቅጣቱ ሲደርስ ማስረጃው ይሳሳበታል፤ ይህን ማለታችን ድፍረት አይሁንብን። ሊክድ የወጣ አንዱ ዲዳ ሆነ ይላል፤ አንዲት ሴት በመታጠቢያ ቤት ምላሷን በገዛ ጥርሷ ነከሰች ይላል። ምላሳቸው ደኅና የቀረላቸው ብዙዎችስ? ቅጣታቸው ዘግይቷል ብሎ ይመልስልናል፤ መልሱ ግን የሚያስፈራ እንጂ የሚያስረዳ አይደለም። ይልቁንም ሞግዚቷ ወደ ሹማምንቱ የወሰደቻት ሕፃን፥ ከመሥዋዕቱ የቀመሰችው ሳታውቅ ነው፤ በኋላም ቅዱሱን ጽዋ አልቀበልም አለች። ይህች ልጅ ከማን ራቀች? ጸሐፊው ራሱ ከዚያ በፊት ሕፃናቱን፥ ያጠፉን ወላጆቻችን ናቸው እያሉ ሲከሱ አሳይቶን ነበር።

እኛ የምናደንቀው ሌላውን ገጽ ነው። የወደቀው ሰው ይታጠባል፥ ይበላል፥ ይጠጣል፤ ሴቲቱም ክርስቶስን ያህል ልብስ አውልቃ በሐርና በወርቅ ታጌጣለች። ማንም አያለቅስም። የክሕደት ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ሰውዬው የጎደለውን አለማወቁ። ለዚህ ተአምር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ አንባቢ በየሰፈሩ ያየው ነገር ነው።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ አድልዎ ይሆናል። በ250 ቆጵርያኖስ ራሱ ከከተማው ሸሽቶ ተሸሽጎ፥ መንጋውን በደብዳቤ ይመራ ነበር። ጠላቶቹ ይህን አልተዉለትም። ምናልባትም በ251 የተሰበሰበው ጉባኤ ወረቀት የገዙትን እንደየጥፋታቸው መርምሮ እንዲመልሳቸው፥ የሠዉትንም ንስሓ ገብተው በሞት አፋፍ ላይ እንዲቀበላቸው ሲወስን፥ የሸሸ ሰው የሚያውቀውን ድካም አስቦ ይሆናል። ሌላ ስደት የቀረበ በመሰለ ጊዜም ንስሓ የገቡትን ሠዊዎች ሁሉ ሞት ሳይጠብቁ ተቀበሉ። በ258 ዳግመኛ ሲፈለግ አልሸሸም፤ አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ።