ክላውን ስለሚባለው ቃል

በዚህ ዘመን ወጣቶች ባልንጀራቸውን ለማዋረድ ሲፈልጉ «አንተ ክላውን!» ይላሉ። ቃሉ በእጅ ስልክ በኩል ገብቶ ከከተማው ከዲላ አልፎ እኛ ዘንድ ዱመርሶ ድረስ ደርሷል። ከሌላ ቋንቋ ቃል መዋስ ነውር አይደለም፤ ፖስታና ሲኒማም የተዋስናቸው ናቸው። ነውሩ የተዋሱትን ምንነቱን ሳያውቁ በሰው ላይ መወርወር ነው። ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ቃሉን ጥቂት እንመርምረው።

«ክላውን» በ16ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ሲገኝ ትርጉሙ ገበሬ፣ የገጠር ሰው፣ የከተማ ወግ የማያውቅ ማለት ነበር። የከተማው ተመልካች በገጠሬው አነጋገርና አረማመድ መሳቅን ስለ ወደደ፣ ስሙ የኋላ ኋላ በመድረክ ላይ ለሚያስቀው ተዋናይ ተሰጠ። ከዚያም ጆሴፍ ግሪማልዲ (1778–1837 እ.ኤ.አ.) የተባለው የለንደን ተዋናይ ፊቱን ነጭ እየቀባ በመጫወት ክላውንን ዛሬ የምናውቀውን መልክ አስያዘው።

በእኛም አገር የዚህ ወንድም የሆነ ነገር ደርሷል። ባላገር ማለት ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት ማለት ነው። ይህንን የክብር ስም የከተማ ሰው ምላስ ወደ ስድብ ለወጠው። እንግዲህ አንተ የቡና ገበሬ ልጅ ሆነህ ባልንጀራህን «ክላውን» ብለህ ስትሰድበው፣ የስድቡ ሥር ቢቆፈር የሚገኘው የገዛ አባትህ ነው።

ቃሉን «ቀልደኛ» ብለው የሚተረጉሙት ብዙዎች ናቸው። ትርጉሙ ፈጽሞ ስሕተት ነው አይባልም፤ ነገር ግን አይበቃም። አማርኛ በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። ቀልደኛ በጨዋታው የሚያስቅ ሰው ነው። ዋዘኛ ቁም ነገሩን ሁሉ ጨዋታ የሚያደርግ ነው። ፌዘኛ ግን በሌላው ላይ እያላገጠ የሚያስቅ ነው። ክላውን ከሦስቱም ይለያል፤ ሆን ብሎ ራሱን ሞኝ አድርጎ፣ በራሱ መውደቅና መነሣት ሰውን የሚያስቅ ሙያተኛ ነው። ለዚህ ሙያ የተለየ ቃል ስለሌለን ስሙን እንዳለ ብንወስደው አይከፋም።

ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ የሳቁን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ፌዘኛ ሲያስቅ ከፋዩ አንካሳው፣ ተብታባው፣ ልብሱ ያረጀው ነው። ክላውን ሲያስቅ ግን ከፋዩ ራሱ ነው። በአዲስ አበባ በ1991 እ.ኤ.አ. ሰርከስ ኢትዮጵያ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍካት ሰርከስ ተቋቁመዋል። የፍካት ሰርከስ ልጆች በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታመሙ ሕፃናት ወደ ተኙበት ክፍል እየገቡ አሳቅቀዋቸዋል። በሕመም ላይ ያለን ሕፃን ማሳቅ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ ሞክሮ ይየው።

«ቀልደኛ» የሚለውም ስም ቢሆን በጥንቃቄ የሚነገር ነው። አለቃ ገብረ ሐናን ብዙው ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ብቻ ነው፤ በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው ነው ለማለትም አይቻልም። የተክሌ አቋቋም የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያፈለቁ ሊቅ መሆናቸውን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አንድ ቅጽል የሰውን ሙሉ ታሪክ ሲሸፍን እንዲህ ነው።

በማስተማር ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። በቤቱ ጌዴኡፋ የሚናገር ልጅ በክፍል ተነሥቶ በአማርኛ ሲመልስ ይንተባተባል፤ አንዱ ስም ያወጣለታል፤ ክፍሉ ይሥቃል። ልጁ በማግሥቱ እጁን አያወጣም፤ ዓመቱ ሲያልቅ መልሱን እያወቀ ዝም የሚል ተማሪ ይሆናል። የሣቁት ረስተውታል፤ እርሱ ግን አልረሳም።

እንግዲህ ባልንጀራህ ያጠፋ እንደ ሆነ የጥፋቱን ስም ለይተህ ንገረው። ዋሽቶ እንደ ሆነ «ዋሽተሃል»፣ ቀጠሮ አፍርሶ እንደ ሆነ «አስጠብቀኸኛል» በለው። ይህን ሰምቶ ሊታረም ይችላል። «ክላውን» ቢባል ግን ምኑን ያርማል? ያን ስም በራሱ ላይ ለሚያስቀው ሙያተኛ ተውለት።