ደንገሉ ከጣና፣ አሳሰሩ ከቲቲካካ

በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ ኮን-ቲኪ በተባለው ቤተ መዘክር ውስጥ፣ ከጣና የታጨደ ደንገል ዛሬም ይታያል። ራ ሁለት የምትባለው ጀልባ ናት። አሳሹ ቶር ሄየርዳል ከ7 ባልደረቦቹ ጋር ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሥቶ፣ አትላንቲክን አቋርጦ፣ ሐምሌ 5 ቀን ባርቤዶስ የገባው በእሷ ነው። 57 ቀን ፈጅቶበታል። አካሏ 12 ሜትር ይረዝማል፤ ሳንቃም ሚስማርም የለበትም። ደንገልና ገመድ ብቻ ነው።

በእኛ በደብረ ወርቅና በብቸና በኩል ዐባይ ገደልና በረሃ ነው። ያው ውኃ ከላይ ጣና ላይ ሲሆን ግን ረጋ ብሎ ይተኛልና ታንኳ ያሠራል። የታንኳው ጥበብ በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ሙያ ሆኖ ኖሯል። የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳና አየር ያዘለ። የሚያንሳፍፈው ይኸው አየር ስለሆነ፣ የታጨደው ደንገል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ ይወጣለታል፤ ከዚያም አገዳው ሳይጨፈለቅ ጠበቅ ተደርጎ በልጥ ይታሰራል። የእጁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ከላላ አገዳዎቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ቶሎ ውኃ ይጠጣሉ፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ይሰባበሩና አየራቸውን ያጣሉ። ባለሙያው ይህን የሚለካው በክንዱ ነው። በጉልበቱ እስሩን ተጭኖ ልጡን ሲስብ፣ ደንገሉ ሲንሲያጠጥ ይሰማል፤ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ድምፁ ነው። ታንኳዋም ከሥራ ስትመለስ ውኃ ላይ አታድርም፤ ተጎትታ ወጥታ ዳር ላይ ትቆማለች፣ እንድትደርቅ።

ሄየርዳል ወደ ጣና የመጣው፣ በግብፅ የጥንቱ ደንገል ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ስለነበር ነው። የታጨደው ደንገል በቀይ ባሕር በኩል ተጭኖ ግብፅ ገባ፤ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብም ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ባለሙያዎች የመጀመሪያዋን ራ ሠሯት። ደንገል ጨው ውኃ ውስጥ ብዙ አይቆይም የሚሉ አዋቂዎች ብዙ ነበሩ።

በ1961 ዓ.ም. ሳፊ ላይ ከተደረገው የመጨረሻ ዝግጅት ሁሉ እኔን የሚማርከኝ አንድ ነገር ነው። ከጊዛ የመጣችው የመጀመሪያዋ ራ ውኃ ከገባች በኋላ ወዲያው አልተነሣችም፤ ወደቡ ውስጥ ታስራ ለቀናት ውኃ እንድትጠጣ ተተወች። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ገመዱ ይወጠራል፤ እስሩም ማንም ጉልበተኛ ስቦ ከሚያጠብቀው በላይ ይጠብቃል። ውኃውና ከስንቁ ብዙው የተጫነው በሸክላ እንስራ ነው። ግንቦት 17 ቀን ተነሡ። በዚያው ዕለት ሁለቱም መቅዘፊያ መሪዎች ተሰበሩ፤ አካሉ ግን ጸና።

ኋላ የጎዳቸው አንድ ገመድ ነው። በፈርዖኖች ዘመን መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሣሉት ጀልባዎች የኋላ ጫፋቸው ወደ ውስጥ የተቆለመመ ነው፤ ከጫፉ ተነሥቶ ወደ ወለሉ የሚወርድ ገመድም ተሥሏል። የመጀመሪያዋ ራ ጫፍ ያለ ገመድ ቀጥ ብሎ ስለ ቆመ፣ ገመዱ አያስፈልግም ተባለ። ባሕር ላይ ግን የኋላ ወለሏ ቀስ በቀስ ወደ ውኃ ወረደ። ለካ ገመዱ የተሠራው ጫፉን ለመያዝ ሳይሆን፣ ጫፉ እየተለጠጠ ወለሉን ወደ ላይ እንዲስብ ኖሯል። ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ፣ ባርቤዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጀልባዋን ትተዋት ወጡ። ያ የጥንት ሠዓሊ ትርፍ መስመር አልጨመረም ነበር፤ ጀልባ የሚሠሩ ሰዎችን ቁጭ ብሎ ያየ ሰው መሆን አለበት።

በዓመቱ ሄየርዳል በደቡብ አሜሪካ ካለው ከቲቲካካ ሐይቅ፣ ከሱሪኪ ደሴት፣ 4 የአይማራ ባለሙያዎችን ሳፊ ድረስ አስመጣ። ደንገሉ እንደገና ከጣና ነው። የእነሱን አሳሰር አክርማና ስንደዶ እየጠቀለለች ወስፌ ስትወጋ ያደረች የጎጃም ሴት ብታየው፣ ማንም ሳያስረዳት የሚገባት ይመስለኛል፤ ስፌትን የሚያጸናው እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ይዞ መሄዱ ነውና። አይማራዎቹ ሁለት ወፋፍራም እስሮችን በተሸመነ የደንገል ምንጣፍ ሸፍነው ጎን ለጎን አስተኙ፤ በመካከላቸው ቀጭን ሦስተኛ እስር አገቡ። ከዚያ አንድ ረጅም ገመድ ቀኙን ከመሐከለኛው፣ ሌላው ግራውን ከመሐከለኛው ጋር እየጠቀለለ ከፊት እስከ ኋላ ሄደ። ወፋፍራሞቹን በቀጥታ የሚያገናኝ ገመድ የለም። ሲሳብ ሁለቱ ተጣብቀው ገጠሙ፤ መሐከለኛው እስር ውስጥ ገብቶ ከዓይን ጠፋ። የኋላ ጫፉ ገመድም በዚህኛዋ ላይ ቦታውን አገኘ።

ኦስሎ ያለችውን ጀልባ የሚያይ ሰው የአይማራዎቹን እጅ ያደንቃል፤ ይገባቸዋልም። የጣና ታንኳ ሠሪ ግን ሙያው እየተፈለገ ራሱ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ እንደ ራ ሁለት ተቀምጣ የምትታይ አይደለችም። ስለዚህ መቀመጥ ያለበት ሥራው ነው፦ ከአጨዳው እስከ መጨረሻው ልጥ፣ ባለሙያው በስሙ ተጠርቶ፣ እጁ ከቅርብ ተቀርጾ። ባሕር ዳር ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሐይቁ እዚያው ነው፤ ልጡን እየሳቡ የሚያሳዩ አዛውንቶችም ዛሬ አሉ።