የሺያንግቺ መድፍ፦ ለቼዝ ተጫዋቾች የቀረበ ግብዣ

ቼዝ የለመደ ሰው በሺያንግቺ፣ ማለትም በቻይናውያን ቼዝ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ ዓይን የሚስብ ቅርጽ አያገኝም። ጠጠሮቹ ሁሉ ክብና ጠፍጣፋ ናቸው፤ የሚለያቸው የተቀረጸባቸው የቻይንኛ ፊደልና ቀለማቸው ነው። የሚቆሙት 9 ቋሚና 10 አግድም መስመሮች በሚገናኙባቸው 90 ነጥቦች ላይ ሲሆን፣ ሰሌዳውን መሀል ለመሀል ወንዝ ይከፍለዋል። ውበቱ የሚገለጠው ጠጠሮቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ነው።

መድፉን ተመልከቱ። ሲጓዝ እንደ ቼዝ ሩክ ቀጥ ብሎ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። ሊበላ ሲል ግን በመካከል አንድ ጠጠር መኖር አለበት፤ የወገንም ይሁን የጠላት፣ እሱን ዘሎ ማዶ ያለውን ይበላል። መካከሉ ባዶ ከሆነ ወይም ሁለት ጠጠር ከቆመበት መድፉ አቅም የለውም። በቼዝ ንጉሥን ከሩክ ለማዳን ጠጠር ጣልቃ እናስገባለን። እዚህ ግን ከመድፍ ቼክ መውጫ ከሆኑት መንገዶች አንዱ መካከል የቆመውን የራስን ጠጠር ገለል ማድረግ ነው። ከለላ የመሰለን ነገር ለጠላት መዝለያ ሆኖ ይገኛል!

ፈረሱ ደግሞ አንድ ነጥብ ቀጥ፣ ከዚያ አንድ ነጥብ ሰያፍ ይሄዳል፤ ነገር ግን አጠገቡ በመንገዱ ላይ ጠጠር ካለ እግሩ ታስሯልና መዝለል አይችልም። ስለዚህ አንድ ፈረስ ሌላውን ፈረስ ሲያጠቃ፣ ተጠቂው አጸፋውን መመለስ የማይችልበት ጊዜ አለ። የመድፉና የፈረሱ ሚዛን ድንቅ ነው፦ ሰሌዳው ሞልቶ ሳለ መድፉ መዝለያ አያጣም፤ ጠጠሩ ሲሳሳ መድፉ ይደክማል፣ የፈረሱ እግር ይፈታል። የጥሩ ተጫዋች ጥበብ አንዱን በሌላው የሚለውጥበትን ሰዓት ማወቅ ነው።

ከቀሩትም አብዛኞቹ በክልከላ የተሠሩ ናቸው። ዝሆኑ ሁለት ነጥብ ሰያፍ ይሄዳል፤ የእኛው ነባር የሰንጠረዥ ጨዋታም እንዲህ ሁለት ቤት ሰያፍ የሚዘል ጠጠር ነበረው። የሺያንግቺ ዝሆን ግን አይዘልም፣ ወንዙንም አይሻገርም። ጄኔራሉ 9 ነጥብ ካለው ቤተ መንግሥቱ አይወጣም። ሆኖም ሁለቱ ጄኔራሎች በባዶ መስመር ፊት ለፊት መተያየት ስለማይፈቀድላቸው፣ አንዱ ከሩቅ ሆኖ መስመር በመያዝ ብቻ የጠላቱን መውጫ ይዘጋል። ወታደሩ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ወንዙን ሲሻገር ወደ ጎን የመሄድ መብት ያገኛል። ንግሥት የለችም፤ መንቀሳቀሻ ያጣ ወገን አቻ አይወጣም፣ ይሸነፋል።

ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የሴቶች የዓለም ቼዝ ሻምፒዮን የሆነችው ሺዬ ጁን በልጅነቷ የጀመረችው በሺያንግቺ ነበር። ሁ ሮንግኋ በ1960 ገና ታዳጊ ሳለ የቻይና የሺያንግቺ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ከ40 ዓመት በኋላ በ2000 ዘውዱን ደግሞ ወስዷል፤ የጨዋታው ጥልቀት ዕድሜ ልክ ይቆፈራል። በ1990 ሲንጋፖር ላይ የተጀመረው የሺያንግቺ የዓለም ሻምፒዮናም ቻይናዊም ቬትናማዊም ላልሆኑ ተጫዋቾች የራሳቸው ምድብ አለው።

ስለዚህ የቼዝ ሰዎች፣ ሰባቱን የጠጠር ዓይነቶች ለይታችሁ ወደ ውድድሩ ግቡ። ቼዝ ያስተማራችሁ ትዕግሥትና ስሌት እዚያም ይሠራል፤ ሺያንግቺ ደግሞ አንድ ጠጠር ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን፣ ቆሞ ለማን መንገድ እንደሚከፍት መጠየቅን ይጨምርላችኋል።